ከሐውልትነት ያወጡኝ ኤሌክትሪሺያን

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን አካባቢ ከቤት ሆናችሁ የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ኤሌክትሪሺያን ልጠቁማችሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አልፈቀዱልኝም። «ስልኬን ለጠየቀሽ ሰው ብቻ ስጪ» ነው ያሉኝ።

እኔ የምሠራው የፕሮጀክት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ዘጠኝ ነን። ቢሮ የለንም። አንዱ ሐዋሳ፣ ሁለቱ ባሕር ዳር፣ የቀረነው አዲስ አበባ ጥግ ጥጉን ይዘናል። ጠዋት 3፡30 ላይ ለ15 ደቂቃ በቪዲዮ እንገናኛለን። ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያዘህ፤ በቃ። የሐዋሳው ልጅ ሲናገር የጎረቤቱ አውራ ዶሮም አብሮት ሪፖርት ያቀርባል። የእኔ ችግር መብራት ነበር። አፌን እንደከፈትኩ ምስሌ ደርቆ ይቀራል። ውሎ አድሮ ስሜ «ሐውልቷ» ሆነ። መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር። ደንበኛ ፊት አዲስ ነገር እያሳየሁ መሐል ላይ ስደርቅ ግን ሳቁ ቀረ።

መፍትሔ ብዬ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በውስጡ ባለው ባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ገዛሁ። ሻጩ «አራት ሰዓት ያለ ሐሳብ ትሠሪበታለሽ» ብሎኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

ጋሼን ያገኘኋቸው በብሎካችን ጥበቃ በኩል ነው። 3 ሰዓት እመጣለሁ ብለው 5 ሰዓት መጡ። ሰዓት አክባሪ ናቸው ብዬ አልዋሽም። እንደገቡ ዩፒኤሱን በካቻቢቴ ፈቱና ባትሪውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ግማሽ ጡብ ታህላለች። ጎኗ ላይ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ይላል። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ኮምፒውተርሽን በሰላም እስክትዘጊ ነው እንጂ ልትሠሪባት አይደለም» አሉኝ። ሻጩን አልሰደቡትም። መልሰው ገጠሙት።

ከዚያ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ እየገለበጡ ጀርባቸውን አነበቡ። ላፕቶፕ፣ ተጨማሪ ስክሪን፣ ራውተር፣ አንድ አምፖል። በድምሩ 100 ዋት ገደማ። ካርቶን ላይ በእርሳስ አሰሉት። ሊገጥሙልኝ ያሰቡት ትልቅ ባትሪ 12 ቮልት በ100 አምፔር ሰዓት፣ 1,200 ዋት ሰዓት። «ግማሹን አትቁጠሪው። ይሄ ጄል ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሠራ ዕድሜው ያጥራል።» ቀረ 600። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ የሚበላው ሲቀነስ 5 ሰዓት ያሠራል። ያንን ካርቶን እስካሁን አልጣልኩትም። እኛ ለደንበኛ የምንሰጠው የጊዜ ግምት እንደዚያ ቢሆን ስንት ጭቅጭቅ ይቀርልን ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የራውተሩ ነገር ነው። «ይሄ የሚፈልገው 12 ቮልት። ባትሪው 12። ለምን 220 ድረስ አውጥተን መልሰን እናወርደዋለን?» ባትሪው ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚወጣ መሐል ላይ ትንሽ የቮልቴጅ ማስተካከያ አስገቡና ራውተሩን ከባትሪው ጋር አገናኙት። ለባትሪው ለብቻው ፊውዝ አደረጉለት። ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልለው ብቻ አልሄዱም፤ እያንዳንዱን ጎተት አድርገው አዩት። አንዱ ላላ ሲልባቸው ቆርጠው እንደ አዲስ ሠሩት። 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ባትሪ አራተኛ ፎቅ ድረስ የተሸከመው ረዳታቸው ነው፤ ለእሱም ምስጋና ይድረሰው። የባትሪውን ደረሰኝ አምጥተው ሰጡኝ። ከሽቦ መግዣው የተረፈውን 340 ብርም ቆጥረው መለሱልኝ። እኔ እኮ ረስቼው ነበር።

ፈተናው ነሐሴ ላይ መጣ። ለወራት የለፋንበት የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ለደንበኞቻችን የሚለቀቅበት ምሽት ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጳጉሜን ግን አስቧት። 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች። ነሐሴ 25 የተጀመረ ሥራ መስከረም 3 የሚያልቅ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያለው መስመር ጳጉሜን ረግጦ ማለፍ አለበት። የእኛው መጀመሪያ ላይ ዘሏት ያልፍ ነበር። ሲሞክርልን የነበረ አንድ ኮንትራክተር ደውሎ «አምስት ቀኔን የት አደረጋችሁት?» ብሎናል።

የመረጥነው፣ ሰው ሥራ ላይ የማይሆንበትን ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓትን ነው። የምለቀው እኔ ነበርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ፍሪጁ ጸጥ አለ። በመስኮት ሳይ ብሎኩ በሙሉ ጨለማ ነው፤ ማዶ፣ ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ፣ የመኪና መብራት ብቻ ይታያል። ኮምፒውተሬ ምንም አልሰማም። ግሩፑ ላይ «መብራት ሄዷል» ብዬ ስጽፍ የባሕር ዳሯ ልጅ «ታዲያ ሐውልቷ እንዴት ትናገራለች?» አለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጨርሰን ተሰነባበትን። መብራት የመጣው ጠዋት ነው።

መስከረም ላይ ድርጅታችን 5 ዓመት ሞላው። የ5 ዓመቱን ማይልስቶን በራሳችን ፕሮግራም ላይ እንድንመዘግብ ተባልን። የመጀመሪያው ከፋይ ደንበኛ አለ። ሁላችንም ቢሾፍቱ በአካል የተገናኘንበት ቀን አለ። የአንዷ ልጅ መወለድም አለ። እኔ ባትሪው የተገጠመበትን ቀን አስገባሁ። አለቃችን «ኃላፊ» በሚለው ቦታ የጋሼን ስም ሲያይ «ሰው ቀጠርን እንዴ?» አለ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሥራ ላይ ከሆኑ አያነሱም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሞክሩ። እሁድ ተዉአቸው። ከመደወላችሁ በፊት ደግሞ የዕቃችሁን ዋት አይታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።