የሮደስ ሳር ዘር ለጨዋማ መሬት፦ ከመግዛትዎ በፊት ምን ያዩበታል?

ሮደስ ሳር ጨው ይችላል መባሉ እውነት ነው። የአፈሩ ጨዋማነት ወደ 7 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨው መጠን መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጨዉ ይበዛል) እስኪጠጋ ምርቱ ብዙም አይቀንስም፤ በቆሎ 2 ሳይሞላ መጎዳት ይጀምራል። በአፋር አሚባራ የመስኖ ብዛት የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ አድርጎ ጨዉን ወደ ላይ ባወጣበት መሬት ላይም ተስፋ ከተጣለባቸው መኖዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ያ 7 የሚሉት ቁጥር የሚናገረው ሥር ስለ ሰደደ ሳር ነው። ዘሩና ቡቃያው ከዚያ በጣም ደካማ ናቸው፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የብቅለት መቶኛም በንጹሕ ውኃ የተለካ ነው።

ዘሩ ቀላልና ፀጉራም ስለሆነ ከከረጢቱ ሲዘገን እርስ በርሱ ይያያዛል። ጥቂቱን በጥፍር ይጫኑት፦ ፍሬ ያለው ጠጠር ይላል፣ ባዶው ዝም ብሎ ይተኛል። አብዛኛው ባዶ ከሆነ እብቅ እየገዙ ነው። ትናንት የታጨደ ዘርም አይግዙ፤ ከአጨዳ በኋላ ጥቂት ወራት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካልቆየ ብዙው ተኝቶ ይቀራል።

ጨው ዘርን በሁለት መንገድ ይመታል። አንደኛው ውኃውን ይይዝበታል፤ ዘሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠማል። ይህ አልሞተም፣ ጨዉ ሲታጠብለት ይነሳል። ሁለተኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ገብተው ሽሉን ሲመርዙት ነው፤ ያ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ውኃ ቢጠጣም አይነሳም። ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ፍሬ ያላቸውን 150 ዘሮች ይምረጡ፣ በሦስት ሰሃን እርጥብ ሶፍት ላይ 50፣ 50 ያድርጉ። አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛውን በሊትር 6 ግራም፣ ሦስተኛውን በሊትር 12 ግራም የገበታ ጨው በተበጠበጠበት ያርጥቡ። 6 ግራሙ ወደ 10፣ 12 ግራሙ ወደ 20 ዴሲሲመንስ ይጠጋል። ሰሃኖቹን በፌስታል ይሸፍኑ፤ ክፍት ከተተዉ ውኃው ተኖ ጨዉ እየበረታ ይሄድና ውጤቱ ይበላሻል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይቁጠሩ። ከዚያ በጨው ውኃ ሰሃኖች ውስጥ ያልበቀሉትን ሁለት ጊዜ አለቅልቀው ሌላ አንድ ሳምንት በንጹሕ ውኃ ያቆዩ። በዚህ ጊዜ የሚነሱት ብዙ ከሆኑ ዘሩ ይገዛል፤ ዘር ከመዝራት በፊት መሬቱን በውኃ ማጠብ ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ካልተነሱ የሻጩን ወሬ ይተዉት።

የአፈር ምርመራም ያታልላል። ናሙናው ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 30 ሴንቲሜትር ተደባልቆ ይወሰዳል፤ ዘሩ ግን የሚተኛው ላይኛው 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ውኃውን ስታተን ጨዉ የሚቀረውም እዚያው ነው። ላይኛውን 5 ሴንቲሜትር ለብቻው ያስመርምሩ። በቦይ በሚጠጣ ማሳ ላይ ውኃው ወደ ተረተሩ ሲሰርግ ጨዉን አናቱ ላይ ያራግፋል፤ ስለዚህ ዘሩን አናቱ ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ፣ ከውኃው መስመር ጥቂት ከፍ አድርገው ይዝሩ። ከ2 ሴንቲሜትር በላይ አይቅበሩት፣ አፈሩን ግን ጠቅጠቅ ያድርጉት። ፀጉሩ እንዳያስቸግር ከደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉት፤ ማሳው ተረተር የሌለው ከሆነ ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ ይበትኑ። ቡቃያው እስኪጠነክር ውኃው ትንሽ ትንሽ እየሆነ ቶሎ ቶሎ ይሂድ፤ ላዩ በደረቀ ቁጥር ጨዉ ይመለሳል። አፈሩ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚጋግር ከሆነ ችግሩ ሶዲየም ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሩት፤ ከሆነ ጂፕሰም (ሶዲየሙን የሚተካ የካልሲየም ማዕድን) ሳይጨመርበት ዘር መዝራቱ እምብዛም አያዋጣም።

የተለበጠው (በላዩ ሽፋን የተደረገበት) ዘር በማሽን ለሚዘራ ሰው ይመቻል፣ በነፋስም አይበተንም። ልባጡ ግን ከክብደቱ ግማሹን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን በኪሎ ዋጋ ማወዳደር ኪሳራ ነው፤ በኪሎው ውስጥ ስንት ንጹሕ ዘር እንዳለ ይጠይቁ። ልባጡ ከጨው ያድናል የሚሉትን አይመኑ። በእጅ ለሚዘራ፣ ማሳውም ለሚያንስ ያልተለበጠው ይሻላል።

አንዴ ከያዘ በኋላ ሳሩ ስሙን ያስከብራል። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ እጢዎች ጨዉን ወደ ውጭ ያወጣሉ፤ ረፋድ ላይ ጠሉ ሲደርቅ ቅጠሉን ቢያሹት ጣት ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ይህ ጨው ከመኖው ጋር ይበላልና ከብቶቹ የሚጠጡት ንጹሕ ውኃ ሳይጓደል ይቅረብላቸው።