«ሃያ አምስት ሰው ይይዛል»፦ የቢሾፍቱ የኪራይ ቪላዎች ለትልቅ ቡድን

ቢሾፍቱ ላይ ሙሉ ግቢ ለቅዳሜና እሁድ የሚያከራዩ ሰዎች ቤታቸውን የሚያሞግሱት በሁለት ነገር ነው፤ በሐይቁ እይታና በሚይዘው ሰው ብዛት። እይታው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ብዛቱ ግን የተቆጠረው በፍራሽ ነው፤ ፍራሽ ደግሞ ሳሎን ውስጥ እስከ በሩ ድረስ መደርደር ይቻላል። ለቤተ ዘመድ ጉባኤ፣ ለማኅበር፣ ለመሥሪያ ቤት ጉዞ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞ ለመውጣት ቤት የሚፈልግ ሰው መቁጠር ያለበት የሮቶውን ሊትር፣ የቦይለሩን ቁጥርና የሽንት ቤቱን በር ነው።

በአልጋ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ባለ አምስት መኝታ ቪላ ሁለት ክፍል ላይ ሜትር ከሰማንያ፣ ሁለት ክፍል ላይ ሜትር ከሃምሳ፣ የመጨረሻው ክፍል ላይ ሁለት ሜትር ከሃያ አልጋ አለው እንበል። ሜትር ከሃያ ላይ አንድ አዋቂ ነው የሚተኛው፤ ሁለት ካስተኛችሁበት ጠዋት ሁለቱም ያኮርፋሉ። ስለዚህ አልጋ ያለው ለአሥር ሰው ነው። ሳሎንና ሰርቪስ ቤት ላይ በሚነጠፍ ፍራሽ ስድስት ወጣት ጨምሩ፣ አሥራ ስድስት ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ተከራዩ በገዛ ፈቃዱ የሚቀበለው መጨናነቅ ነው። ብርድ ልብሱንም አብራችሁ ጠይቁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ወለል ላይ የተኛ ሰው ደግሞ አንድ ብርድ ልብስ አይበቃውም።

ውሃ ግን የጉዞው ዋና ጉዳይ ነው። ለሻወር፣ ለሽንት ቤት፣ ለምግብና ለዕቃ ማጠቢያ ሁሉ አንድ ሰው በቀን 70 ሊትር ቢያጠፋ ሃያ አምስት ሰው 1750 ሊትር ይጨርሳል። አርብ ማታ ጢም ብሎ የጠበቀ የ2000 ሊትር ሮቶ ቅዳሜ እራት ላይ ባዶ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶው እስከ ሰኞ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ «ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ሞልቷል» ነው። መጠየቅ ያለበት ሮቶው ስንት ሊትር ነው፣ ስንት ሮቶ አለ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ማጠራቀሚያ አለ ወይ፣ ካለስ ውሃውን የሚያወጣው ፓምፕ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይነሳል ወይ የሚለው ነው። ለሁለት ሌሊት ለሃያ አምስት ሰው ከ4000 ሊትር በታች ያለው ግቢ ከሆነ ውሃ የሚያመጣ ቦቴ ስልክ ቁጥር አስቀድማችሁ ያዙ፤ ወጪው የማን እንደሆነም ተስማሙ።

ሮቶው የተሰቀለበት ከፍታም ነገር አለው። ጣሪያው ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ምድር ቤት ያለው ሻወር ጥሩ ይወርዳል፣ ፎቅ ላይ ያለው ግን ይንጠባጠባል፤ ውሃው ከሻወሩ ራስ በላይ ያለው ቁመት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላምና። ማማ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ወይም የግፊት ፓምፕ ያለው ቤት ይሻላል። በቪዲዮ ጥሪ የፎቁን ሻወርና የወጥ ቤቱን ቧንቧ በአንድ ጊዜ አስከፍቶ ማየት ይህን ጥያቄ በግማሽ ደቂቃ ይመልሰዋል።

ቦይለር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ60 ዲግሪ የሞቀ የ80 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ወደ 160 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል፤ አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ሲታጠብ 40 ሊትር ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ አራት ሰው ይታጠባል፣ አምስተኛው ይጮኻል። ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ ከሆነ ተመልሶ እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ሁለት ቦይለር ያለው ቤት ጠዋት ላይ ስምንት ሰው ያጥባል ማለት ነው፤ የቀረው ወይ ማታ ይታጠብ ወይ እስከ ምሳ ይጠብቅ። ተራ ማውጣት ያሳፍራል ብሎ የሚተው ቡድን አያቶቹን በቀዝቃዛ ውሃ ያጥባል።

ከዚህ ቀጥሎ መብራት ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይስባል። ሁለት ባለ 2000 ዋት ቦይለር በርቶ ምጣዱ ሲጨመር 7500 ዋት ሆነ፤ በ220 ቮልት ይህ 34 አምፔር ነው። ዋናው ብሬከር 32 ከሆነ ቆይቶ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ቤቱ ሁሉ ይጨልማል፣ ጥፋቱም በመብራት ኃይል ይሳበባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምጣድ ሲጣድ ቦይለር ይጠፋል። በሰርቪስ ቤት ያለው ሶኬት በቀጭን ገመድ የተዘረጋ ከሆነ ግን ምጣዱን እዚያ አትሰኩ፤ ብሬከሩ ሳይወርድ ገመዱ ይቀልጣል። «ጄኔሬተር አለን» የሚለውም ቃል ቁጥር ይፈልጋል። ባለ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ጄኔሬተር አምፖል፣ ፍሪጅና ስልክ ያስኬዳል፤ ምጣድ ከሰካችሁበት ለሌላው የሚተርፈው የለም። ነዳጁ በኪራዩ ውስጥ ይካተት አይካተት በጽሑፍ ይስፈር።

ሽንት ቤት ለስድስት ሰው አንድ፣ ከዚያ ካነሰ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ነው። አከራዮች ሲቆጥሩ የዘበኛውንም ይጨምራሉ፤ «አራት ሽንት ቤት» ከተባለ ስንቱ ዋናው ቤት ውስጥ እንደሆነ ጠይቁ። ስለ ፍሳሽ ጉድጓዱ የሚጠይቅ ግን የለም። ለስድስት ሰው ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ ሃያ አምስት ሰው ሲወርድበት ሞልቶ መመለስ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚመለሰውም ዝቅ ብሎ ባለው ምድር ቤት ሽንት ቤትና የሻወር ማፍሰሻ በኩል ነው። ስትጎበኙ የምድር ቤቱን ሁለት ጊዜ ልቀቁት። ውሃው ቀስ ብሎ እያንቋረረ ከወረደ ጉድጓዱ ሊሞላ ተቃርቧል። «መቼ ነው ያስመጠጣችሁት?» ተብሎ ሲጠየቅ ወር ጠቅሶ የሚመልስ አከራይ ቤቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

ወጥ ቤቱ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ችግሩ መሳቢያው ሲከፈት ነው። እብነ በረዱና ካቢኔው አለ፣ ድስቱ ግን የአራት ሰው ነው። ለሃያ አምስት ሰው ሁለት ትልልቅ የብረት ድስት፣ የጾም ወጥ የሚሠራበት ለብቻው አንድ፣ አራት ትሪ፣ ሠላሳ ሰሃንና የቡና ዕቃ ከቤት ቢሄድ ይሻላል። ረከቦቱ አለ ቢባልም ሲኒው ስድስት ይሆንና ቡናው በሦስት ዙር ይቀርባል። ሲሊንደሩን አንስታችሁ መዝኑት፤ ቅዳሜ ማታ ቡታጋዝ ማለቅ ልማዱ ነው። እንጀራ ለአንድ አዋቂ በቀን ሦስት ቢታሰብ ለሁለት ቀን 150 ነው፤ ምጣዱን ከማስቸገር አዲስ አበባ አዝዞ መሄድ ይቀላል። አርብ ማታ የሚደርስ ቡድን የመጀመሪያ እራቱ የጾም መሆኑን ገበያ ሲወጣ ያስብ።

በግ የሚታረድ ከሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ግድ ነው። ግቢው ውስጥ ማረጃ ቦታ፣ የሚሰቀልበት፣ ደሙን የሚያጥብ የውሃ ጎማ፣ ለፈርሱም ጉድጓድ ያስፈልጋል። ሣሩ ላይ ታርዶ መያዣውን የሚያስቀር አከራይ ብዙ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም።

«ሐይቅ ዳር» የሚለው ቃል ማብራሪያ ይፈልጋል። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳርቻቸው ገደላማ ነው። ቤቱ ከላይ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ያሳያል፣ ውሃው ጋ ለመድረስ ግን ረጅም ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል፤ መውጣቱ ደግሞ የባሰ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ካሉ ደረጃው ስንት እንደሆነና መደገፊያ እንዳለው ጠይቁ። ልጆች ካሉ አጥሩ ይበልጥ ያሳስባል፤ ጠርዝ ላይ ያለ ግቢ ወደ ሐይቁ በኩል ቢያንስ ሜትር ከሃያ ከፍታ ያለው አጥር ከሌለው እይታው ምንም ቢያምር ይለፋችሁ። ውሃውም ከዳሩ ብዙ ሳይርቅ ይጠልቃል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ዋና የማይችል ሰው እስከ ጉልበቴ ብቻ ልግባ ብሎ የሚቆምበት ጠፍጣፋ ዳር በየቦታው አይገኝም።

የቴሌግራም ፎቶ ክፍሉን ያሰፋዋል። ልኩን ለማወቅ ወለሉን እዩ። ሴራሚኩ 60 በ60 ሳንቲ ነው ወይስ 40 በ40 ብላችሁ ጠይቁና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቁጠሩ፤ ባለ 60ው ስድስት ሆኖ ከተገኘ ክፍሉ ሦስት ሜትር ከስድሳ ነው። ይህን ያህል ዝርዝር ሲጠየቅ የሚናደድ ደላላ ቤቱን አይቶት ስለማያውቅ ሊሆን ይችላል። የሌላ ሰው ቤት ፎቶ ለጥፎ ቀብድ በቴሌብር የሚቀበል አለና፣ ቀብድ ከመላክ በፊት የቀጥታ ቪዲዮና የቦታውን ካርታ ጠይቁ፤ ቢሾፍቱ ዘመድ ካለም ባጃጅ ይዞ ደጁን አይቶ ይመለስ። ቀብዱ ከጠቅላላው ሲሦ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቀሪው ቁልፍ ሲረከቡ ይከፈላል።

መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ደረሰኝ ነው። የተነገረው ዋጋ 15 በመቶ ቫት ያካትታል ወይ? ብዙ ቪላ ደረሰኝ አይቆርጥም፤ ፋይናንስ ደግሞ ያለ ደረሰኝ ሒሳብ አይዘጋም። ለቤተሰብ ቡድን ይህ ራስ ምታት የለም፤ ዋጋውን ግን በነፍስ ወከፍ አስሉት። ለምሳሌ በሌሊት 30 ሺህ ብር የተባለ ቤት ለሁለት ሌሊት 60 ሺህ ነው፤ የነዳጅ፣ የቦቴ፣ የምግብ ሠሪና የጽዳት ሲጨመር 80 ሺህ ቢደርስ ለሃያ አምስት ሰው 3200 ብር፣ ለአሥራ ስድስት ሰው 5000 ብር ይመጣል። ሁለተኛውን ቁጥር ይዛችሁ ከሎጅና ከገስት ሃውስ ጋር አወዳድሩ፤ ቤቱ በምቾት የሚያስተኛው አሥራ ስድስት ነውና።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ሙሉ ቪላው የሚያዋጣው አብሮ መብላትና ማምሸት ለሚፈልግ፣ ከአሥራ ስድስት ለማይበልጥ፣ ምግብ የሚያበስል ሰው ላለው ቤተሰብ ነው። ለዚያ ከአምስት አራት ይገባዋል። ለሃያ አምስት ሰው ግን ከሁለት ተኩል አያልፍም። ለዚህ ቁጥር የተሻለው ከተማው ውስጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሻወርና ቦይለር ያለው ገስት ሃውስ ሙሉ ፎቅ ነው፤ ሐይቅ አያሳይም፣ ሆኖም አሥራ ሁለት ክፍል አሥራ ሁለት ሽንት ቤት ማለት ነው፤ ለሐይቁ ቀን ላይ ባጃጅ ይዞ መውረድ ይቻላል። በኩሪፍቱ ሐይቅና በባቦጋያ ዙሪያ ያሉ ሪዞርቶች ውድ ናቸው፤ የራስን ምግብ ማስገባትም ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። አዛውንት የበዙበት ቡድን ግን ወጪው ይቆጨዋል ብዬ አላስብም።

ቀን ስትመርጡ ከመስቀል ቀጥሎ ያለውን እሁድ እለፉት፤ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ የሚከበርበት ስለሆነ ለበዓሉ ካልመጣችሁ በቀር መንገዱም ቤቱም አይገኝም። የጥር ቅዳሜዎችም በሠርግ የተያዙ ናቸው።

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቡድኑ በአንድ ኮስተር ይሄዳል፤ በፈጣን መንገዱ በቱሉ ዲምቱ መግባት በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም ከመጎተት ያድናል። መንገዱ እስከ ቤቱ በር ኮስተር ያስገባ እንደሆነ ግን ለይታችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ኮረኮንች ከሆነ ክረምት ላይ ጭቃ ይይዛል፣ ድስቱና ፍራሹ በሸክም ይገባል። ሰዓቱንም «በሀበሻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከውጭ የመጣው ዘመድ «8 ሰዓት መግቢያ» ሲባል ጠዋት ደጁ ላይ ሊቆም ይችላል። መውጫው ብዙ ጊዜ እሁድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ምሳ እዚያው በልቶ መመለስ የሚፈልግ ቡድን እስከ 9 ሰዓት መቆየትን ቀብድ ሳይልክ ያስጽፍ፤ እሁድ ጠዋት ሲጠየቅ ተጨማሪ የግማሽ ቀን ኪራይ ይሆናል።