ያገለገለ ሎንግ-ኢዚ ለመግዛት ለሚያስብ አብራሪ

በግለሰቦች እጅ ከሚሠሩ ፈጣን አውሮፕላኖች መካከል በርት ሩታን በካሊፎርኒያዋ ሞሃቪ የነደፈው ባለሁለት መቀመጫው ሎንግ-ኢዚ እስካሁን ፈላጊ አላጣም። የመጀመሪያ በረራው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሥራ ንድፉ ሽያጭ በ1985 ስለቆመ፣ ዛሬ ባለቤት መሆን የሚሻ ሰው በአብዛኛው ሌላ ሰው በጋራዡ ውስጥ ከፎምና ከፋይበርግላስ የሠራውን መግዛት ይኖርበታል። ስለዚህ ንድፉንና ለሽያጭ የቀረበውን አውሮፕላን ለየብቻ መመዘን ያስፈልጋል።

ንድፉ ከፍተኛ ነጥብ ይገባዋል። በ115 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር መጓዙ ያስደንቃል፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን መረጋጋቱ ነው። ትንሿ ክንፍ ከፊት፣ ትልቁ ክንፍና ሞተሩ ከኋላ ናቸው። አብራሪው ፍጥነቱን ከልክ በላይ ቀንሶ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲጎትት፣ የማንሳት አቅሟን ቀድማ የምታጣው የፊተኛዋ ክንፍ ናት፤ ያን ጊዜ አፍንጫው ዝቅ ይላል፣ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ዋናው ክንፍም በዚህ ሁሉ መካከል ሸክሙን እንደያዘ ይቀጥላል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን የክብደቱ ማዕከል ከተወሰነለት ክልል እስካልወጣ ድረስ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካለፈ ዋናው ክንፍ ቀድሞ ሊከዳ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ አፍንጫውን መልሶ ማውረድ እጅግ ያዳግታል። የኋላው ተሳፋሪ ከማዕከሉ ብዙም ስለማይርቅ ሚዛኑን ያን ያህል አያናጋም፤ ቀጭን አብራሪ ብቻውን ሲበር ግን አፍንጫው ላይ ማካካሻ ክብደት ሊያስፈልገው ይችላል። (አብራሪው ሲወርድ የፊት ጎማው ታጥፎ አውሮፕላኑ ሣር እንደሚግጥ በሬ አፍንጫውን መሬት ላይ የሚያሳርፈውም ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ነው።)

ጉድለትም አለው። በመጀመሪያው ንድፍ የፊተኛዋ ክንፍ ቅርጽ በዝናብ ወይም በተጣበቁ ነፍሳት ምክንያት ከፊል የማንሳት አቅሟን ስለምታጣ፣ በአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ላይ አፍንጫው ወደ ታች ያዘነብላል፤ አብራሪው መሪውን ወደ ኋላ ስቦ መያዝ ግድ ይለዋል። የክንፍ ቅርጽ ነዳፊው ጆን ሮንዝ ያዘጋጀው አዲሱ ቅርጽ ይህን ችግር አቃልሏል። አውሮፕላኑ ፍላፕ (በዝግታ ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚታጠፍ ክፍል) ስለሌለው በፍጥነት ያርፋል፣ ረጅምና አስፋልት የለበሰ ማኮብኮቢያም ይፈልጋል፤ በኮረኮንች ላይ ጎማው የሚያስፈነጥረው ጠጠር ከኋላ ያለውን ፕሮፔለር ይመታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሠሪው በራሱ ፈቃድ የለወጠው ነገር ነው። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ጥቅምት 12 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ጠረፍ የሞተው ያገለገለ ሎንግ-ኢዚ በገዛ ማግስት ነበር ማለት ይቻላል። ሩታን የነዳጅ ታንክ መቀያየሪያውን በአብራሪው እግሮች መካከል አስቀምጦት ሳለ፣ የዚያ አውሮፕላን ሠሪ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ ገጥሞት ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንደደመደመው፣ አብራሪው እጀታውን ለመድረስ ሲዞር ሳያስበው አፍንጫውን ወደ ቀኝ የሚያዞረውን የቀኙን ፔዳል ሳይረግጥ አልቀረም፤ በአውሮፕላኑ ላይ ያገኘው ሥልጠናም አጭር ነበር። እንዲህ ባለ አደጋ የክንፉ ብልሃት ምንም አይፈይድም። ይኸው ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በ2011 ከመረመራቸው የግለሰብ ሥራ አውሮፕላኖች አደጋዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በግዢ በተገኙ አውሮፕላኖች ላይ የደረሱ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ስለዚህ ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ሲያወራ ገዢው ቀበቶውን አስሮ መቀያየሪያውን በእጁ ይድረስበት፤ የነዳጅ መለኪያውን ዞር ሳይል ማንበብ መቻሉን ይፈትሽ፤ የመጨረሻው የክብደት ልኬት ከየትኛው ለውጥ በፊት እንደተሠራ ይጠይቅ። ከባድ ሞተር የተገጠመለትና ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አንድ አውሮፕላን፣ ከጎኑ ደግሞ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ነገር ግን እንደ ንድፉ የተሠራ፣ የሮንዝ ክንፍ ያለውና የልኬት መዝገቡ የተሟላ ሌላ ቢቀርብልኝ፣ ሁለተኛውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ ከዋጋው የሚተርፈውንም ገንዘብ ሎንግ-ኢዚን በሚያውቅ አስተማሪ ሥር ለመሠልጠን አውለዋለሁ።