ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር፦ ኬብሉን ያስተወኝ ካርድ ሪደር

በካኖን 700ዲ ካሜራዬ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ወደ ቤቴ ዴስክቶፕ የምገለብጠው ለዓመታት በካሜራው ኬብል ነበር። ኬብሉ አይሠራም አልልም፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ከዩኤስቢ 2.0 (ከ3.0 ከቀደመው፣ ዘገምተኛ የግንኙነት ደረጃ) አያልፍም፣ ግልበጣው እስኪያልቅም ካሜራው እንደበራ መቆየት ስላለበት ባትሪ ይበላል። ለጥምቀት ጃንሜዳ ውዬ ያመጣኋቸውን 600 ያህል ፎቶዎች፣ ትልልቅ ፋይል በሚፈጥረው ሮው ፎርማት ስለተነሱ 15 ጊጋባይት ገደማ የያዙትን፣ ስገለብጥ ባትሪው መሀል ላይ ሲያልቅብኝ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ አውጥተው በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሚያነቡበትን ካርድ ሪደር ልገዛ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ማሸጊያው ላይ «3.0» ተጽፎበት፣ የመሰኪያው ውስጥም እንደ 3.0 መሰኪያ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ በሴኮንድ ከ30 ሜጋባይት ፈቀቅ አላለም። ነገሩ የገባኝ መሰኪያውን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከተው ነው፤ እውነተኛው የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ከፊት አራት፣ ከኋላ አምስት፣ በድምሩ 9 የብረት መገናኛዎች ሲኖሩት የእኔው ያሉት የፊተኞቹ አራቱ ብቻ ነበሩ። ሰማያዊው ቀለም ብቻ ነበር ማለት ነው።

አሁን የምጠቀምበትን ሁለተኛውን ሪደር ግን መገናኛዎቹን ቆጥሬ ገዛሁት። በሴኮንድ 90 ሜጋባይት ያህል ስለሚያነብ፣ በመጀመሪያው ሪደር 9 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ግልበጣ ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ይህ የሚሆነው ታዲያ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካበት ቦታም 3.0 ሲሆን ነው፤ በእኔ ዴስክቶፕ ከፊት ያሉት 2.0 ስለሆኑ ከኋላ መሰካት ግድ ሆኖብኛል። የካሜራዬ ካርድ ዩኤችኤስ-1 የሚባለው የፍጥነት ደረጃ ስለሆነ በደረጃው ጣሪያ ቢደርስ እንኳ በሴኮንድ ከ104 ሜጋባይት ስለማያልፍ፣ ከዚህ የተወደደ ሪደር መግዛት ለእኔ ትርፉ ወጪ ነው።

ካርዱ ሲገባ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፤ ፎቶዎቹ ዲሲአይኤም በሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ። እኔ ሁልጊዜ ኮፒ እንጂ ከት አላደርግም፤ መብራት በመሀል ሲጠፋ ዴስክቶፑም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ዋናው ቅጂ ካርዱ ላይ መቅረቱ እንቅልፍ ይሰጠኛል። ካርዱን ከማስገባቴ በፊትም በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች አወርዳታለሁ፤ ካርዱ ላይ እንዳይጻፍና እንዳይጠፋ ትከላከላለችና። ባለ 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆኑ ካርዶች ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደረጃጀት ስለሚሠሩ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ማንበብ ሲያቅተው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሳያስቡ እሺ ያለ ሰው ፎቶዎቹን ሊያጣ ነው።

ሪደሩን የማልወድለት ነገር ቢኖር የአካሉ ስፋት ነው። ከጎኑ ያለውን መሰኪያ ስለሚጋርደው፣ ፎቶ በምገለብጥበት ጊዜ ሁሉ የፕሪንተሩን ገመድ ለመንቀል ጠረጴዛው ሥር መግባት አለብኝ።