«ፉል ፓኬጅ» ያስጫናችሁ የሀዋሳ ልጆች፣ ዛሬውኑ ብሮውዘራችሁን ፈትሹ

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ወይም ፎርማት አስደርጋችሁ «ፉል ፓኬጅ» የሚባለውን ያስጫናችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። እኛ ቤት የደረሰው እናንተ ጋ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ታናሽ እህቴ የባህል ልብስ በፌስቡክ ትሸጣለች። ከሁለት ወር በፊት ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች። ሻጩ «800 ብር ጨምሪና የሚያስፈልግሽን ሁሉ ልጫንልሽ» አላት። ጨመረች። ዝርዝሩንም በወረቀት ጽፎ ሰጣት፦ ኦፊስ፣ አንቲቫይረስ፣ ፍላሽ ፕሌየር፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ ነጻ ቪፒኤን። ደስ ብሏት ነው ቤት የገባችው።

በሦስተኛው ሳምንት ገጿን ወሰዱባት። ፓስወርዷን ለማንም አልሰጠችም። በስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ኮድም አብርታው ነበር፤ ግን የመጣላት ኮድ አልነበረም። የገባው ሰው ለደንበኞቿ «ቅናሽ አለ፣ ቀብድ ላኩ» እያለ ጻፈላቸው። ሦስት ሰዎች ላኩ። አንዷ ለልጇ ክርስትና ልብስ ያዘዘች የአቶቴ እናት ናት። እህቴ ለሦስቱም ከራሷ ኪስ ከፈለች። የእሷ ጥፋት አልነበረም፤ ግን የሰው ፊት ማየት ከበዳት።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው የአክስቴ ልጅ መጥቶ ላፕቶፑን ከፈተው። ክሮም ላይ አራት ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች አገኘ። ሁለቱ ከክሮም መደብር የወረዱ አይደሉም። ሱቁ ከመደብሩ ውጭ ያለ ኤክስቴንሽን ለመጫን የሚያስችለውን «ዲቨሎፐር ሞድ» አብርቶ፣ ከራሱ ፎልደር ነው የጫናቸው። እንዲህ የተጫነ ነገር የመደብሩን ምርመራ አላለፈም። በራሱ አፕዴትም አይሆንም፤ ክፍተት ቢገኝበት እንደተከፈተ ይቀራል። ቪዲዮ ማውረጃው ደግሞ የያዘው ፈቃድ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃን ማንበብና መለወጥ» የሚል ነው። ቪዲዮ ለማውረድ የባንክ ገጽ ማንበብ ምን ያደርግለታል?

ኮዱ ለምን እንዳልመጣ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ፌስቡክ ስትገቡ ብሮውዘሩ ኩኪ የሚባል ትንሽ መረጃ ያስቀምጣል። በየቀኑ ፓስወርድ የማትጠየቁት በእሱ ምክንያት ነው። የሚያስፈልገው ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን ያንን ኩኪ ወስዶ ለሌላ ሰው መላክ ይችላል። ተቀባዩ በሩን አይሰብርም፤ እንደ ባለቤቱ ሰተት ብሎ ይገባል። ፓስወርድም ኮድም ሳይጠየቅ።

ድሮ ድረ ገጾች ላይ ቪዲዮና ጨዋታ ያጫውት ስለነበረው ፍላሽ ፕሌየርም ልንገራችሁ። አዶቤ ፍላሽን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው። ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ፍላሽ ይዘት እንዳያጫውት ራሱ ዘጋው። ለዓመታት የጠላፊ መግቢያ ሆኖ የኖረ ፕሮግራም ነው። ዛሬ «ፍላሽ ልጫንልህ» የሚላችሁ ሰው የሚጭነው ወይ የማይሠራ ነገር ነው፣ ወይ በፍላሽ ስም የመጣ ቫይረስ። ለዚህ ብር አትክፈሉ።

ከመደብሩ የወረደ ሁሉ ንጹህ ነው ማለቴም አይደለም። «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» የሚባል፣ ብዙዎች የሚወዱት ኤክስቴንሽን ነበር። በ2020 ለሌላ ሰው ተሸጠ። በፌብሩዋሪ 2021 ጎግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ አነሳው። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ሳይበርሄቨን የሚባል የኮምፒውተር መረጃ ደህንነት ኩባንያ ሠራተኛ በሐሰተኛ ኢሜይል ተታለለና የኩባንያው ኤክስቴንሽን በተበከለ አፕዴት ለተጠቃሚዎች ደረሰ። ኮዱ በተለይ ያነጣጠረው የፌስቡክ ማስታወቂያ አካውንቶች ላይ ነበር። የደህንነት ባለሙያዎቹን ያታለለ የእኛን ነጋዴዎች አይምርም።

እባካችሁ አሁኑኑ ክሮም ላይ ቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩና «ኤክስቴንሽንስ» ውስጥ ግቡ። ራሳችሁ ያልጫናችሁትን አጥፉ። «ዲቨሎፐር ሞድ» በርቶ ካገኛችሁት አጥፉት፤ ማን እንዳበራውም ጠይቁ። ከዚያ ፓስወርዳችሁን ከሌላ ንጹህ ስልክ ቀይሩ፣ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውንም ንኩ። ቅደም ተከተሉን አደራ። ኤክስቴንሽኑ ሳይጠፋ በዚያው ላፕቶፕ ፓስወርድ መቀየር አዲሱንም ለሌባው መስጠት ነው። ከተቻለ ደግሞ ላፕቶፑን እንደ አዲስ ፎርማት አስደርጉት፣ ግን አጠገቡ ቆማችሁ።

ሱቁ ሄደን ጠየቅን። ልጁ ሆን ብሎ ነው አልልም፤ ፎልደሩን እሱም ከሌላ ሰው ተቀብሎት ሊሆን ይችላል። ግን መልሱ አስደነገጠኝ። «ለሁሉም ደንበኛ የምንጭነው ይሄንኑ ነው» አለን። 800 ብሯንም አልመለሰም።

ገጹ እስካሁን አልተመለሰም። ከእህቴ የባህል ልብስ ገዝታችሁ የምታውቁ፣ በዚያ ገጽ «ቀብድ ላኩ» የሚል መልእክት ቢመጣላችሁ የጻፈችው እሷ አይደለችም። በስልኳ ደውሉላት።