ጢጥ የሚለው ሬዲዮ ወይስ ሶላሩ? የጫካ ጭልፊት መከታተያ ዕቃዎች ግምገማ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ፍርዱን እናስቀድም። ከጦሳ ግርጌ ጀምሮ በሐረጎ ቁልቁለት እስከ የጎፍ ደን ባለው አገር፣ የጫካ ጭልፊት በመራቢያ ወቅት የት ውሎ የት እንደሚያድር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ ጅራት ላይ የሚታሰረው፣ የሬዲዮ ጢጥታ የሚልከው ትንሹ የቪኤችኤፍ ትራንስሚተርና ጢጥታው ከየት እንደሚመጣ የሚፈለግበት ባለ ሦስት ክንዱ ያጊ አንቴና፣ ጀርባ ላይ ከሚታዘለውና በፀሐይ ኃይል የወፉን ቦታ ከሚመዘግበው የሶላር ጂፒኤስ ታግ የተሻለ ግዢ ነው። ሶላሩ እግር አያደክምም፤ የመዘገበውን የቦታ ነጥብ በሞባይል ኔትወርክ እቤት ድረስ ይልካል። ግን ቀኑን ፀሐይ ላይ ለሚውል ወፍ የታሰበ ዕቃ ነው፤ ለጥንብ አንሣ፣ ለንስር፣ ለሽመላ። የጫካ ጭልፊት ጥላ ውስጥ ይኖራል፣ ጥላ ውስጥ ያድናል፣ ጥላ ውስጥ ይራባል። እዚህ የምንመዝነው ሁለቱን የዕቃ ዓይነቶች ነው እንጂ የአንድን ፋብሪካ ምርት አይደለም፤ በፋብሪካዎች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ልዩነት አንጻር ኢምንት ነው።

ከሚዛን እንጀምር። በወፍ ላይ የሚጫን ዕቃ፣ ማሰሪያውና ሙጫው ተደምሮ፣ ከወፉ ክብደት 3 በመቶ ባያልፍ ይመረጣል። በደጋው ጫካ የሚገኙትን ሦስቱን የጫካ ጭልፊት ዓይነቶች ብንወስድ፣ ወንዱ ቀይ ደረት ስፓሮሆክ 100 ግራም ገደማ ስለሆነ የሚችለው 3 ግራም ነው። ወንዱ የአፍሪካ ጎስሆክ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 6 ግራም ይችላል። ትልቁ ጥቁሩ ስፓሮሆክ ነው፤ ወንዱ 450 ግራም ገደማ፣ ሴቷ ከ650 ግራም በላይ ናት። 10 ግራም የሚመዝን የሶላር ታግ ከቴፍሎን ማሰሪያው ጋር 11.5 ግራም ቢደርስ፣ ተሸካሚው ቢያንስ 385 ግራም መሆን አለበት። ቀይ ደረቱና ወንዱ ጎስሆክ እዚህ ላይ ከጨዋታ ወጡ። ከ10 ግራም የቀለሉ ሶላሮች አሉ፤ ነገር ግን ታጉ ባነሰ ቁጥር የሶላሩ ገጽም ያንሳል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የመፈለጉ ነገርም ይብሳል። ወፍ ሳይመዘን ታግ አይታዘዝ፤ አንድ ግራም የሚለይ የእጅ ሚዛን ከታጉ በፊት መግዛት ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ። የጫካ ጭልፊት ሴት ዕንቁላሏን አምስት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ጎጆው ላይ ወይም አጠገቡ ቅርንጫፍ ላይ ትሰነብታለች። በዚህ ጊዜ የሚያድነው ወንዱ ነው፤ ምግቡን አምጥቶ ያቀብላታል። ጎጆው በወይራና በጽድ ጥላ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ውስጥ ከሆነ ሶላሩ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ላይ የጀርባ ላባ ተነሥቶ ገጹን ይሸፍነዋል። ባትሪው ሲዳከም ታጉ ራሱን ለማትረፍ ነጥብ የሚመዘግብበትን ጊዜ ያራዝማል፤ በየ15 ደቂቃው የተባለው በየ4 ሰዓቱ ይሆናል፣ ከዚያም ዝም ይላል።

ዝም ማለቱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የከፋው የሚልከው ነገር ነው። ወፏ ከጫካ ወጥታ እርሻ ዳር ደረቅ ግንድ ላይ ስትቀመጥ ባትሪው ይሞላል፣ ሰማዩም ክፍት ስለሆነ ነጥቡ ቶሎ ይያዛል፤ ጫካ ስትገባ ሁለቱም ይጠፋሉ። ካርታው ላይ የሚታየው ነጥብ ሁሉ የማሽላ ማሳ ዳርና የመንገድ ዳር ባሕር ዛፍ ይሆናል። ያንን አይቶ «ይህ ወፍ ጫካ አያስፈልገውም» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። የጎደለው ነጥብ በዘፈቀደ የጎደለ አይደለም፤ የጎደለው የጫካው ነጥብ ነው። ከዚህ ዕቃ በተገኘ ዳታ ላይ የተሠራ የመኖሪያ ክልል ካርታ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ከታዘዙት ነጥቦች ስንቱ እንደተመዘገበና ያልተመዘገቡት በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ነው።

ሶላሩ የሚያዋጣበት ቦታ አለ፤ ወንዱ ጥቁር ስፓሮሆክ። ክብደቱ ይችላል፤ በመራቢያ ወቅት ሩቅ የሚሄደውም እሱ ነው፤ ከጫካ ጫካ ሲሻገር ገደልና ሸለቆ ስለሚያቋርጥ በእግር ተከትሎ መድረስ አይቻልም። ለእሱ ሌሊቱን አንድ ነጥብ ብቻ፣ ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ጠዋትና ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽት በየ15 ደቂቃው፣ እኩለ ቀን ላይ በየሰዓቱ ብሎ ማዘዝ ባትሪውን ያተርፋል። ታጉ በ2ጂ ወይስ በ4ጂ እንደሚልክ፣ ሲሙም የውጭ ሮሚንግ መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቁ አይክፈሉ። ኔትወርክ የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ያለ ታግ ዳታውን አከማችቶ ወፉ ብቅ ሲል ስለሚልክ፣ የጥቂት ቀን ዝምታ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። በአርጎስ ሳተላይት ብቻ የሚሠሩትን ግን ለዚህ ሥራ ይርሷቸው። ምርጥ የሚባለው ደረጃቸው ስሕተቱ እስከ 250 ሜትር ነው፣ ቀጣዩ እስከ 500፣ የሚቀጥለው እስከ 1500 ሜትር። ከአገር አገር ለሚፈልስ ወፍ ይበቃል፤ ጎጆውን ከጎረቤት ሸንተረር ለመለየት አይበቃም።

ወደ ቪኤችኤፉ እንምጣ። ትራንስሚተሩ በ150 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ጢጥ ይላል። ለጎጆ ሥራ፣ ለመታቀፍ፣ ለጫጩት ማሳደግና ልጆቹ ከበረሩ በኋላ ለሚቀለቡባቸው ሳምንታት በድምሩ አምስት ወር ያህል የሚቆይ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 40ውን ይምረጡ። ድምፁ ቢዘገይም ለጆሮ አያስቸግርም።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ጅራቱ 12 ላባ አለው፤ የሚመረጡት መሃለኞቹ ሁለቱ ናቸው። የላባው ሥር ጠቆር ብሎ ደም የያዘ ከሆነ ላባው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ይተዉት፤ ክብደት ሲጫንበት ይሰበራል ወይም ይደማል። ከላባው ሥር ጠንካራ ወረቀት ያስገቡ፣ ትራንስሚተሩን ከዘንጉ ጋር በሁለት ቦታ ሰም በሌለው የጥርስ ክር ይሰሩ፣ ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ብቻ ያድርጉ። ሁለት ጠብታ ከሆነ ወደ ጎረቤት ላባ ይፈስና ጅራቱ እንደ ማራገቢያ መከፈቱ ይቀራል። አንቴና ሽቦው በዘንጉ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ሦስት ቦታ ይታሰራል፤ ልቅ ከተተወ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ ወፏም በምንቃሯ ስትጎትተው ትውላለች።

የዚህ ዕቃ ትልቁ ድክመት ሴቷ ላይ ነው። ሴቷ ዕንቁላል በምትጥልበትና በምትታቀፍበት ጊዜ ላባ መቀየር ትጀምራለች፤ መሃለኞቹ የጅራት ላባዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድመው ከሚወድቁት ናቸው። ወንዱ ማደን ስላለበት ዘግየት ይላል። ጢጥታው ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ ሲመጣ «አሁንም ታቅፋለች» ብለው የሚመዘግቡት ትራንስሚተር መሬት ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ጋደል ሲል የጢጥታውን ፍጥነት የሚቀይር ማብሪያ ያለው ትራንስሚተር ማዘዝ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል። ወፏ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ጅራቷ ወደ ታች ይሆናል፣ ስትታቀፍ ጋደም ይላል፤ ሁለቱን በጆሮ መለየት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ያልተቀየረ ፍጥነት የወደቀ ላባ ነው። ወፏን ለመያዝ ደግሞ በመታቀፊያው ሳምንታት መሞከር ጎጆ ያስጥላል፤ ጫጩቶቹ ነጭ ጸጉራቸውን ለብሰው ራሳቸውን ማሞቅ እስኪችሉ መጠበቅ ግድ ነው።

አንቴናው ላይ የደሴ ገደል የራሱን ፈተና ያመጣል። ሞገዱ ከዓለት ተላትሞ ስለሚመለስ ጢጥታው ጎልቶ የሚሰማው ወፉ ባለበት በኩል ሳይሆን ከፊት ለፊት ካለው ገደል ይሆናል። ሸለቆ ውስጥ ቆሞ አቅጣጫ የሚወስድ ሰው ቀኑን በከንቱ ያሳልፋል። ከአፋፍ ነው የሚወሰደው፤ ከአፋፍ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሰማው ድምፅ ሸለቆ ውስጥ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ይቀራል። ድምፁ እስኪጠፋ ወደ ግራ ያዙሩ፣ ዲግሪውን ይያዙ፤ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ ያዙሩ፣ ያንንም ይያዙ፤ እውነተኛው አቅጣጫ የሁለቱ መሃል ነው። «በጣም የጮኸበትን» መያዝ አይሠራም፤ የባለ ሦስት ክንዱ ያጊ ፊት ሰፊ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ውስጥ ሁሉም እኩል ይጮሃል። ኮምፓሱን ከአንቴናው ብረት ራቅ አድርገው ያንብቡ፤ በእኛ አካባቢ የኮምፓሱ ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለውን ልዩነትም ያስተካክሉ።

አምስት ዲግሪ ስሕተት ትንሽ ይመስላል። በ1 ኪሎ ሜትር 87 ሜትር ነው፣ በ3 ኪሎ ሜትር 260 ሜትር ይሆናል። ሁለቱ አቅጣጫዎች ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ቢቋረጡ ይመረጣል፤ ከ60 ካነሰ ወይም ከ120 ካለፈ ነጥቡ ተለጥጦ ረጅምና ቀጭን ይሆናል። ሦስተኛ አቅጣጫ ሁልጊዜ ይወሰድ፤ ከሁለቱ ጋር አልገጥም ካለ አንዱ የገደል ማሚቶ ነው። የሚያድነው ወንድ አንድ ቦታ ስለማይቆይ ሦስቱም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ይህ ማለት ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሪሲቨር (ጢጥታውን የሚቀበል ዕቃ)፣ በስልክ «አሁን» ተባብሎ መሥራት ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ ዕቃ ጎጆና የሴቷን ውሎ ይሰጠዋል፤ የወንዱን ክልል አይሰጠውም።

ለጥቅሙ ደግሞ፣ የሐረጎን ጉም ያህል ለመነጽር ጠላት የለም፤ ሬዲዮው ግን ጉም አይገደውም። ዝናብ የጠጣ ቅጠል ድምፁን ያዳክመዋል እንጂ አያጠፋውም። ቀድሞ የሚበላሸው የአንቴናው ኬብል ነው፣ በተለይ ቢኤንሲ ማያያዣው ጋ። ምትኩን ደሴ ፒያሳ የደኅንነት ካሜራ ከሚገጥሙ ሱቆች ያገኙታል፤ የካሜራው ኬብል 75 ኦም፣ የአንቴናው 50 ኦም ቢሆንም ለድንገተኛ ጊዜ የሚጠፋው ድምፅ ኢምንት ነው። ርካሽ ባትሪ ድንጋይ ግን በብርድ ቶሎ ስለሚዝል የጠፋው ወፉ ነው ወይስ ባትሪው ያስብላል፤ ቻርጅ የሚደረጉትን በትርፍ ይያዙ።

ነጥቡ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ሥራ ነፃ ነው። ሙቭባንክ የተባለው ድረ ገጽ ዳታውን በነፃ ያስቀምጣል፣ ኪውጂአይኤስ የተባለው ፕሮግራም ካርታውን ይሠራል፣ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው አዴሃቢታት-ኤችአር ጥቅል ክልሉን ያሰላል። ለቪኤችኤፍ ዳታ በአንድ ወፍ ከ30 ነጥብ በታች ይዞ ክልል ማስላት ልፋት ነው፤ 50 ከደረሰ ያስተማምናል። የዳር ነጥቦችን በገመድ እንደማጠር ያለው ዘዴ ወፉ አልፎ የማያውቀውን የከተማ ጣሪያ ሁሉ ስለሚጨምር፣ ወፉ የሚያዘወትረውን ቦታ የሚያሳየውን የ95 እና የ50 በመቶ የከርነል ካርታ አብሮ ማውጣት ይሻላል። የማደሪያ ነጥቦችን ከቀኑ ለይተው ያስሉ፤ ካልሆነ ጎጆው ዙሪያ ያለው እምብርት ያለ ልክ ይነፋል። ነጥቦቹ በየ15 ደቂቃው ከሶላር የመጡ ከሆነ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ እዚያው አር ውስጥ ያለው የሲቲኤምኤም ጥቅል ይሻላል። የድሮው የኢትዮጵያ ካርታ አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው የተሠራው፤ ጂፒኤሱ በሌላው መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ከሆነና ሳይቀየሩ ከተደራረቡ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። በጦሳ ዳገት ደግሞ ካርታው የሚሰጠው ስፋት መሬቱ ጠፍጣፋ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው፤ 30 ዲግሪ ዳገት ላይ እውነተኛው መሬት በ15 በመቶ ገደማ ይበልጣል።

ውጤቱ ምን መምሰል አለበት ለሚል፣ ብዙ የተጠናው የሰሜኑ ጎስሆክ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የደን አያያዝ ምክር ክልሉን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ የጎጆ ቦታ 12 ሄክታር፣ ልጆቹ ከበረሩ በኋላ የሚሰነብቱበት 170 ሄክታር፣ የማደኛ ቦታ 2,200 ሄክታር ገደማ። ቁጥሮቹ ለየጎፍ አይገለበጡም፤ ያ ወፍ ከእኛዎቹ ይከብዳል፣ ጫካውም ሌላ ነው። አከፋፈሉ ግን ይጠቅማል፤ ሴቷ ለብዙ ሳምንት ውስጠኛው ክበብ ውስጥ ስለምትቆይ የእሷን 20 ነጥብ ይዞ «የጥንዱ ክልል» ማለት አይቻልም። ባለቤቱ ባሕር ዛፉን ለአጣና ሲቆርጥ የትኛው ክበብ እንደተነካም በዚሁ ይታያል።

ነጥብ ስንሰጥ፣ ቪኤችኤፉ ከ5 አራት፣ ሶላሩ ለወንድ ጥቁር ስፓሮሆክ ሦስት ተኩል፣ ለታቃፊ ሴት አንድ ተኩል። የአንድ ሶላር ዋጋ ብዙ የቪኤችኤፍ ትራንስሚተር ይገዛል፤ ሪሲቨሩና አንቴናው አንዴ ተገዝተው ለዓመታት ያገለግላሉ። ወፍ ለመያዝና ለማሰር የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሬዲዮ ዕቃ ደግሞ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑን ስለሚመለከት ያለ ወረቀት ጉምሩክ ላይ ይቆማል። ትራንስሚተሩ ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተስተካክሎ ስለሚመጣ በኋላ አይቀየርም፤ ስለዚህ የተፈቀደልዎትን ፍሪኩዌንሲ በእጅ ሳይይዙ አያዝዙ፣ የእያንዳንዱን ወፍ ቢያንስ በ10 ኪሎ ኸርዝ ያራርቁ፣ ሪሲቨሩም ያንን ሁሉ የሚሸፍን መሆኑን ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበሉ።