ካይሮ ላይ ሜትሮ ወይስ ማይክሮባስ?

ለካይሮ አዲስ ከሆናችሁ አረብኛ እስክትለምዱ ሜትሮ (የከተማው ባቡር) ይሻላችኋል ባይ ነኝ። ከ1987 ጀምሮ የሚሰራ ነው፣ በአፍሪካም የመጀመሪያው፣ ሂሳቡ በፌርማታ ብዛት ስለሆነ ከማንም ጋር ዋጋ አትከራከሩም፣ የጣቢያው ስም በእንግሊዝኛም ተጽፏል፣ ደግሞ መሀል ላይ ለሴቶች ብቻ የተመደበ ፉርጎ አለ፣ እህቶቼ ይሄን ተጠቀሙበት በተለይ ከስራ መውጫ ሰዓት ላይ። ሳዳት ጣቢያ መስመር ስትቀይሩ ያለው ግፊያ ግን ያደክማል።

ማይክሮባስ (ሚኒባስ ታክሲ) ደግሞ ሜትሮ የማይደርስበት ሰፈር ሁሉ ይገባል። እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ረዳት የሚጮህበት አይደለም፣ አብዛኛው ረዳትም የለውም፣ መንገድ ዳር ቆማችሁ በእጅ ምልክት ነው የምትጠይቁት፣ ፒራሚዶቹ ወዳሉበት ወደ ሀረም ከሆነ ጣቶቻችሁን ገጥማችሁ ሶስት ማዕዘን ትሰራላችሁ። ከገባችሁ በኋላ ሂሳቡን ፊት ለተቀመጠው ሰው ታቀብሉታላችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም እንደዛው እየተቀባበለ ይመጣላችኋል፣ ማንም ማንንም ሳያውቅ ማለት ነው፣ እኔ ግብፆችን በዚህ በጣም ነው የምወዳቸው። ለመውረድ ጮክ ብላችሁ «ዓላ ገምብ» በሉ። ማታ ብቻችሁን ከሆናችሁ እና ሰፈሩን የማታውቁት ከሆነ ግን ማይክሮባሱን ተዉት፣ ሜትሮው እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሰራል።